ውርጭ ያልገደላት ቅጠል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከካባሌ ፎቶ ላከችልኝ። ካባሌ ከካምፓላ ሩቅ ነው፤ ተራራው ብርድ ነው ይላሉ። እዚያ ችግኝ ጣቢያ ሥራ ካገኘች ወዲህ፣ እኔ እዚህ ካምፓላ፣ ማኪንድዬ ሰፈር ተቀምጬ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ተጋጨ በተባለ ቁጥር እሷ የተሳፈረችበት ይመስለኛል። ከፍርሃቱ የባሰችብኝ ግን አለቃዋ ናት። "እማዬ፣ ሴትዮዋ እኮ የማታውቀው ተክል የለም" ትለኛለች። እንግዲህ እሷ ትውለድሽ፣ እላለሁ በሆዴ።

ፎቶው ላይ ያለችው ተክል ግራጫ ናት፤ ቅጠሏ ጸጉራም፣ አበባዋ እንደ ወረቀት የደረቀ። "ብርድ ትችል ይሆን? አለቃዬም አላወቀቻት" ይላል ከፎቶው ጋር የተላከው የልጄ ድምፅ። እኔ ገና ሳያት አወቅኋት።

ልጅ ሳለሁ ደብረ ብርሃን አባቴ ችግኝ እያፈላ ይሸጥ ነበር። የሟች አክስቴ ልጅ አልማዝም እኛው ቤት ነበረች። አንድ ኅዳር አንዲት ባለሆቴል መጥታ፣ "ለደጄ ውርጭ የማይገድለው አበባ ያገኘችልኝን ልጅ ሥራ አስገባታለሁ" አለች። እኔ በጣሳ ያሳደግሁትን ቀይ አበባ አቀረብኩ። አልማዝ ከገደሉ አፋፍ ይቺን ግራጫ ነቅላ መጣች።

"ይሄ አረም አይደል እንዴ?" አልኩ።

"እስቲ ይንኳት ጋሼ" አለችው አባቴን። "ጋቢ ለብሳለች።"

አባቴ ሳቀ። ለእኔ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

በኅዳር ማታ ቅጠል ማርጠብ ችግኝ መግደል እንደሆነ እዚያ አገር ሕፃንም ያውቃል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አባቴ ሁለቱን ተክሎች ውርጭ ላይ እንዲያድሩ ደጅ ትቶ ገብስ ቆሎውን እየቆረጠመ ወደ ቤት ሲገባ፣ በአልማዝ ተክል ላይ አንድ ጆግ ውኃ አፈሰስኩ።

ጠዋት የእኔ አበባ እንደተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። የእሷ በረዶ ለብሳ ቆማለች፤ ፀሐይ ስትነካት ጠብ ጠብ አድርጋ አራገፈችው። አባቴ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ዳሰሰ።

"ማነው ያጠጣት?"

አልማዝ አየችኝ።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ልፈትናት ብዬ።"

"ይቺ ናት አትክልተኛ" አለ የአልማዝን ራስ እየዳበሰ።

ሥራውን አገኘች። ከዱላ አዳነችኝ ወይስ አባቴን ቀማችኝ እያልኩ ስንት ዓመት ስብሰለሰል ኖርኩ።

ትናንት ለልጄ ደወልኩ። "ትችላለች፣ ውርጭ አይገድላትም" ስላት ደስ አላት። ደብረ ብርሃን ከገደል አፋፍ ተነቅላ ቤታችን መጥታ እንደነበር ነገርኳት።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ ያገኘሻት?"

አይደለሁም ብላት መልሳ ስለዚያች አለቃዋ ልታወራኝ ነው።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አልማዝ ያኔ አሥራ አራት ቢሆናት ነው፤ እናቷን ቀብራ በሰው ቤት የምትኖር። እኔ በአባቴ ሳቅ ስቀና፣ እሷ እኔን ብታጋልጥ ከዚያ ቤት ተባርራ የት እንደምትገባ እያሰበች ይሆን የዋሸችው? እስከ ትናንት ድረስ አልማዝም ትፈራ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።