ድምፄን የበላው ሎሚ

የፋሲካው መዝሙር ሶሎ ለእኔ የተሰጠኝ ቀን፣ ከቸርች እስከ ቤታችን ያለውን የቁስቋም ዳገት ሳላርፍ ሮጬ ወጣሁት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ድምፄ ከዳኝ። ማለቴ፣ ጭራሽ አልጠፋም፤ ጠዋት ስነሳ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር የተለጠፈ እየመሰለኝ «እህም! እህም!» ስል እውላለሁ።

ታላቅ እህቴ «አባዬ የመጣ መስሎኝ ስልኬን ደበቅኩ እኮ!» ትለኛለች።

በኳየራችን ድምፁ ለደከመ ሰው መድኃኒቱ አንድ ነው፦ የእማማ ፔርሙዝ። እማማ የኳየሩ እናት ናቸው። ልምምድ ባለ ቁጥር ዝንጅብል አፍልተው፣ ሎሚ ጨምቀውበት፣ ሚጥሚጣ ጣል አድርገውበት ይመጣሉ። ጆሮ ድረስ ያቃጥላል። እምቢ አይባልም። በዚያ ሻካራ ድምፃቸው «ሶሎ ለያዘች ሁለት ስኒ!» ይላሉ። ድምፄ በባሰበት ቁጥር ስኒው ሦስት ሆነ፣ አራት ሆነ።

ፋሲካ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው የኳየሩ መሪ «ካልተሻለሽ ለሌላ ልጅ እንሰጠዋለን» አለኝ። በማግስቱ እናቴ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ይዛኝ ወረደች።

ሐኪሟ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብታ ጉሮሮዬን አየችና «ቃር ነው» አለች።

«ሆዴን እኮ አያመኝም!»

«ላያምሽ ይችላል። የጨጓራሽ አሲድ ሽቅብ እየወጣ ጉሮሮሽን ያቃጥለዋል። ድምፅ የምታወጪበት ቦታ ቀልቶ አብጧል። በልተሽ ወዲያው ትተኛለሽ?»

እናቴ ቀደመችኝ። «ከልምምድ መጥታ ፍርፍሯን ትጨርስና ሶፋው ላይ ዘፍ ነው!»

«ለጉሮሮሽስ ምን ትወስጃለሽ?»

በኩራት ዘረዘርኩላት። ሎሚ ስል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሚጥሚጣ ስል ሳቋ አመለጣት።

መድኃኒት ጻፈችልኝ። ሎሚና በርበሬ ቀረ፤ በልቶ ወዲያው መጋደም ቀረ፤ የአልጋዬ ራስጌ ብሎኬት ላይ ወጣ። ቤታችን አልጫ በአልጫ ሆነ። እህቴ «የታመምሽው አንቺ፣ የተቀጣሁት እኔ!» ብላ አኮረፈች።

ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። እማማን እንዴት እምቢ ልበል? ሁለት ቀን ስኒውን ተቀብዬ፣ ከቸርቹ ጓሮ ያለችውን ጽጌረዳ አጠጣኋት። በሦስተኛው ቀን እጅ ከፍንጅ ያዙኝ።

«የእኔን ዝንጅብል?!»

በቃ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ቃሩን፣ የጠዋቱን መሻከር፣ እህም እህሙን። እማማ ቀስ ብለው አንገታቸውን ዳበሱ።

«እንዲያው... ያ የተለጠፈው ነገር፣ ቢውጡት ቢውጡት አልወርድ ይላል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እህም» አሉ። ተያየን። «እኔ እኮ እርጅና ነው ብዬ ነው የተቀመጥኩት!»

ለፋሲካ ድምፄ ገና ሙሉ አልነበረም፤ ግን ሶሎውን አልተነጠቅኩም። መሪው መዝሙሩን ትንሽ ዝቅ አደረገልኝ። ወደ መድረክ ልወጣ ስል እማማ ከፔርሙዙ ለብ ያለ ውሃ ቀዱልኝ፤ ለራሳቸውም ቀዱ። ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና «ይሄም መጠጥ ተብሎ!» አሉ።

ዘመርኩ። ከፍ የምትለዋ ቦታ ስደርስ ድምፄ ትንሽ ሻከረ፣ ግን ወጣ። ከፊት ወንበር ከእኔ የባሰ የሻከረ ድምፅ «አሜን!» አለ።

የእሳቸው የክሊኒክ ቀጠሮ ማክሰኞ ነበር።