ተረት የቀደደ ይሰፋል

ልጅ ሳለሁ፣ አሶሳ አጠገብ ባለችው የሰፈራ መንደራችን፣ ከእሳት ዳር መቀመጥ ሹመት ነበር። ያኔ ከወሎ ካመጡን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነው፤ ትምህርት ቤቱ ክዳን የለውም፣ አገሩም አልለመደንም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎረቤታችን አባባ ይመር ደጃቸው ላይ የማሽላ አገዳ ሲያነዱ ግን ሁሉንም እንረሳው ነበር። አባባ ይመር ቁጡም ተጫዋችም ሽማግሌ ነበሩ፤ ሕጋቸው «ተረት የቀደደ ይሰፋል» ነው። በጥያቄ ተረታቸውን ያስቆመ ልጅ፣ መልሱን ራሱ እስኪያመጣ ድረስ እሳቱ ዳር አይቀመጥም።

አንድ ምሽት ክንፏን ስለማታርገበግብ አሞራ ተረኩልን። አገር ሙሉ ሰው ዋጠች፤ ሰዉም ሆዷ ውስጥ እያስመለሰው ቆይቶ አሶሳ ላይ ዘረገፈችው። ሁላችንም የመጣነው በዚያች አሞራ ሆድ፣ በአውሮፕላን ነውና እናቶች ሳይቀሩ በሳቅ ፍርስ አሉ። የኔ አፍ ግን አላርፍ አለ።

«ክንፏን ካላርገበገበች ለምን አልወደቀችም?»

አባባ ይመር ጢማቸውን እያሻሹ «ቀደድሽው፤ በይ ተነሽ» አሉኝ። እናቴ ብትለምንልኝም ሕግ ነው ብለው አሻፈረኝ አሉ። ከቤታችን ደጅ ሆኜ የሌሎቹን ሳቅ ስሰማ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ እሳት ሌላ ምን ነበረኝ?

በነጋታው እናቴ አውድማ ላይ ማሽላ ስታበጥር ንፋሱ ሰፌዱን ከእጇ መንጭቆ ወሰደው። አላርገበገበም፤ ግን ሄደ! እሷ ሰፌዷን ስታሳድድ እኔ እንደሱ ንፋስ የሚያነሣው ክንፍ ልሠራ ቀርከሃ ፍለጋ ሮጥኩ። ደረቁን ሰንጥቄ ላስቲክ ልወጥርበት ሳጎብጠው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከወንዙ ማዶ ቀርከሃ እየቆረጠች የምትሸጥ ሐዋ የምትባል የዚያው አገር ተወላጅ፣ የበርታ ሴት ነበረች፤ ቆማ ስታየኝ ቆይታ እርጥቡን አመጣችና አጎበጠችልኝ።

«ደረቅ እምቢ ይላል፣ ይሰበራል። እርጥብ እሺ ይላል» አለችኝ።

አመሻሹ ላይ አባባ ይመር እሳቱን ሲቆሰቁሱ ቀርከሃው ላይ የወጠርኩትን ላስቲክ በገመድ እየጎተትኩ በደጃቸው ሮጥኩ። ላስቲኩ ከሣር ጣሪያዎቹ በላይ ወጥቶ ቀጥ አለ። አንጋጠው አዩት፣ አዩትና «ተሰፍቷል፤ ነይ ተቀመጪ» አሉ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ በአሞራዋ ሆድ ውስጥ አፏ የማያርፍ አንዲት ልጅ ተጨመረች። በደስታ የምሆነውን አጣሁ።

ያቺ ልጅ የኤሮስፔስ መሐንዲስ ሆነች። ሥራዬ የአውሮፕላን ክንፍ እስኪሰበር ድረስ እያጎበጡ መፈተን ነው። ክንፍ እሺ ብሎ ካልጎበጠ እንደሚሰበር መምህሮቼ በቁጥር ሲያስረዱኝ ሐዋ ትዝ ብላኝ ሳቄን በግድ ዋጥኩት።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ አሶሳ ስመለስ አባባ ይመር አርጅተው ነበር፤ እሳቱ ግን አለ፣ ልጆቹም አዲስ ናቸው። ተረቱን ለኔ ለቀቁልኝ። ምድርን ስለሚዞር ሳተላይት ስተርክ የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ አቋረጠችኝ።

«ክንፍ ከሌለው ለምን አይወድቅም?»

መልሱን እኮ አውቀዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። አፌን ስከፍት አባባ ይመር ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ፤ ቀዳዳው የራሷ ነው።»

ልጅቷ አኩርፋ ሄደች። ልጅ ሳለሁ ከእሳቱ ሲያስነሡኝ ምን እንደሰጡኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ተረቴን ቀጠልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ስወጣ፣ ልጅቷን ድንጋይ በገመድ አስራ ከራሷ በላይ እያሽከረከረች አገኘኋት። ድንጋዩ አይወድቅም። ፊቷ በሳቅ በርቷል። እየሮጥኩ ሄጄ አባባ ይመርን ጠራኋቸው።