ገደል አፋፍ ላይ «ይቅደሙ» የተባባልን ቀን

ቤቴ ከገደሉ አፋፍ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ሸምግዬ፣ አፋፉ ላይ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሚስቴ ታውቃለች። ሁለተኛውን አማቼ፣ የልጄ ሚስት አባት፣ ያውቃሉ።

ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ፣ ከጎንደር ደባርቅ በመኪና ተንገጫግጮ፣ ቡይት ራስ የሚባለው ቦታ ላይ ወርዶ በእግሩ እየሄደ የሚያየውን ነገር፣ እኛ ጀርባችንን ሰጥተነው ገብስ እናርማለን። ምን እናድርግ፤ ገደል ለኛ በግ የሚጠፋበት ቦታ እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ጊዜ በበግ ምክንያት ነው። አዲስ ባለትዳር ሳለሁ አንዲት በግ ከአፋፉ ዝቅ ብላ ካለች እርከን ላይ ወረደች። እሷን ላወጣ ወረድኩ። በጓ ወጣች። እኔ ቀረሁ። ወደ ታች አንዴ ባይ ሣሩን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቁጭ አልኩ። ሚስቴ ስትፈልገኝ መጥታ መቀነቷን ፈትታ ወረወረችልኝ፤ በዚያ ጎትታ አወጣችኝ። ለማንም አልተናገረችም፤ እግዜር ይስጣት። ግን ከዚያ ወዲህ በተጣላን ቁጥር፣ እኔ ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ እሷ መቀነቷን ጠበቅ ታደርጋለች። ያን ጊዜ ዝም እላለሁ።

ሁለተኛው ጊዜ የመጣው በልጄ ጋብቻ ነው። ልጄ ፈረንጅ ያስጎበኛል። የወደዳት ልጅ የዳባት ልጅ ናት፤ እኛ ሰፈር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና መጥታ ነው የተዋወቁ። ሽማግሌ ላክን። አባትየው በመጀመሪያው ቀን «ዘመድ እናማክር» አሉ፤ ወጉ ነው። በሁለተኛው ቀን ግን እንዲህ አሉ፤ «ልጁ ጨዋ ነው፣ ዘሩም ደህና ነው። ነገር ግን ልጄን ገደል አፍ ላይ ነው የምትወስዷት አሉኝ። ቦታውን በዓይኔ ሳላይ ቃል አልሰጥም።»

ከላክኋቸው ሽማግሌዎች አንዱ ጎረቤቴ ነው። ነገር ማለስለስ ይወዳል። ያለ ማንም ጠያቂ ብድግ ብሎ፣ «ገደል? የልጁ አባት እኮ ጠዋት ጠዋት ገደሉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነው ዳዊቱን የሚደግም!» አላቸው።

ይህን ሲነግረኝ ምን ልበለው? እኔ ገደል አልቀርብም፤ ዳዊትም አልዘለቅኩም። ከቄሱ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ጥቂት እንዳነበብኩ ላሞች ጠሩኝ።

«ምነው አንተ ሰው!» አልኩት።

«ደግ ነገር አይደል የተናገርኩልህ?» አለ ተቆጥቶ። «እንዳታሳፍረኝ ብቻ።»

አንድ ቅዳሜ አባትየው ከዳባት በአውቶቡስ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ገበሬ ናቸው። ምሳ በላን። ሚስቴ እጅ እያስታጠበች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ «ዳዊትዎን አይረሱ» አለችኝ። ልጄ እንግዳውን ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል፤ ያቺን ልጅ ካላገኘ አገር ጥሎ እንደሚሄድ ለእናቱ ነግሯታል። ያለን ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ፈራሁ ብሎ መመለስ የለም።

ልጄ እየመራን ወጣን። አስታ በሚባለው ቁጥቋጦ መሐል የምትሄድ ቀጭን መንገድ ናት። ፈረንጅ የሚያስጎበኝበት ልማድ አልለቀው ብሎ፣ «በቀኝ በኩል ጅባራ ይታያል፤ በግራ በኩል ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ይነጫል» ይለናል፤ ሁለታችንም ከጭላዳ ጋር እህል ስንሻማ እንዳላረጀን። ሰማዩ እየሰፋ ሲመጣ አፋፉ መቅረቡን አወቅኩ። አርባ እርምጃ ያህል ሲቀር፣ ወደ ፊት የሄዱ ፈረንጆች ፎቶ አንሣን ብለው ልጄን ጠሩትና ሮጠ። ሁለታችን ቀረን። መንገዱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

«ይቅደሙ» አልኳቸው።

«ኧረ አይደረግም! አገሩ የእርስዎ አይደለም? እርስዎ ይቅደሙ።»

«እንግዳ ቆሞ ባለቤት ይቀድማል? በሞቴ ይቅደሙ።»

«በልጄ ሞት አይሆንም! ታላቅ ነው የሚቀድም። እርስዎ ይበልጡኛል።»

«እኔ? ኧረ ወዲያ! እርስዎ ነዎት የሚበልጡኝ። እኔ ጣልያን ሲወጣ በእናቴ ሆድ ነበርኩ።»

«እኔስ? ጣልያን ወጥቶ፣ አገር ረግቶ፣ እናቴ ገና ያኔ አገባች።»

«ልክ ነዎት፤ የኔም እናት ቆይታ ነው ያረገዘች።»

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በላይ ለመቀመጥ ዕድሜውን የሚጨምር ሽማግሌ ብዙ አይቻለሁ። ሁለት ሽማግሌ እየተሽቀዳደመ ዕድሜውን ሲቀንስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥቂት ብንቆይ ሁለታችንም ክርስትና ሳንነሣ እንቀር ነበር።

በዚህ መሐል ከሁለታችንም የምትሸመግል ፈረንጅ ሴትዮ በሁለት ብትር እየተመረኮዘች ደረሰች። «ሰላም፣ ሰላም» ብላን በመሐላችን አለፈች። ሄዳ፣ ሄዳ፣ አፋፉ ላይ በሆዷ ተኛችና አንገቷን ወደ ታች አወጣች። አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳም መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ።

«እነሱ ይቅደሙ» አሉ አማቼ ቀስ ብለው።

ልጄ ሲመለስ እንደቆምን አገኘን።

«ምነው አባቶች? ቪው ፖይንቱ፣ ገደሉ የሚታይበት ቦታ፣ እኮ እዚያ ነው።»

«አይ፣ አባትህ ዳዊታቸውን የሚደግሙበት ድንጋይ የቱ ይሆን እያልኩ ነው» አሉ እንግዳው።

ልጄ የጎረቤታችንን ወሬ ሰምቷል። ሊረዳኝ ብሎ፣ ከአፋፉ ሁሉ ወደ ውጭ የወጣችውን፣ ከበታቿ አሞራ የሚዞርባትን ድንጋይ በእጁ አሳየ። «ያቺ ናት!» አለ በኩራት።

በስመ አብ ብዬ ሄድኩ። ሃያ እርምጃ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ጎንበስ አልኩ። የቀረውን፣ ይቅር ይበለኝ፣ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ሄድኩ። ከድንጋዪቱ ስደርስ አንዴ ወደ ታች አየሁ። ደመናው ከበታቼ ነው። ያ የበጓ ቀን መጣብኝ። ሣሩን ጨበጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከንፈሬ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ከሩቅ ለሚያይ ዳዊት የምደግም ነበር የምመስለው።

«ጨረሱ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

«አልጨረስኩም» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

 አማቼ፣ ድምፃቸው ከመሬት እየወጣ፣ «ጋቢዬን ይያዙ» አሉኝ።

ዘወር ብዬ በአንድ ዓይኔ ሳይ፣ ያ ረጅም ሰው በሆዳቸው ተኝተው፣ በአንድ እጃቸው አስታ ጨብጠው፣ በሌላው የጋቢያቸውን ጫፍ ዘርግተውልኛል። ፊታቸው አመድ መስሏል። የልጄ እጅ ደግሞ የእሳቸውን እግር ይዟል። ጋቢውን ያዝኩ። እሳቸው እኔን፣ ልጄ እሳቸውን እየጎተተ ወጣን። ፈረንጇ ፎቶ አነሣችን።

አስታው ሥር ለገደሉ ጀርባችንን ሰጥተን ተቀመጥን። ልጄ ራቅ ብሎ ጥፍሩን ይበላል።

«ዳዊት አልዘለቅኩም» አልኳቸው። «እዚያ ድንጋይ ላይም ተቀምጬ አላውቅም። ሽማግሌው ነው የዋሸ። ገደል እፈራለሁ።»

ጋቢያቸውን አራገፉ። እኔ ነገሩ አለቀ፣ ልጄም አገር ጥሎ ሄደ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ» አሉ፣ «በሊማሊሞ ገደላማ መንገድ በአውቶቡስ ወደ ዛሪማ ስወርድ ጋቢዬን ተከናንቤ ነው የምወርድ። ዛሪማ ስንደርስ ረዳቱ ይቀሰቅሰኛል። የተኛሁ ይመስለዋል።»

«እንዲያ ከሆነ ምን ሊያዩ መጡ?»

«እርስዎን ነዋ! ያ ሽማግሌዎ ገደል ጫፍ ላይ ዳዊት ይደግማል ካለኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እንዲህ ያለ ሰው ገደሉን ረስቶታል አልኩ። ነገ የልጄን ልጅ አዝሎ ያችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል አልኩ። እምቢ ልል ነበር የመጣሁ።» ከዚያ አዩኝና ሳቅ ያዛቸው። «አንቱ ግን እንኳን ሕፃን፣ ፍየልም አያስጠጉ። ወስዳችኋታል።»

ልጄ የመጨረሻዋን ቃል ሰምቶ ጭላዳዎቹ እስኪበተኑ ጮኸ።

ቤት ስንደርስ ሚስቴ በር ላይ ጠበቀችን። «አዩት? ወደዱት?» አለቻቸው።

«አየነው፤ እጅግ ያምራል» አሉ አማቼ፣ ወደ ታች አንዴም ሳያዩ የተመለሱት ሰውዬ። እሷ ሱሪዬን ከኋላ አየች፤ አፈርና ሣር ብቻ ነው።  መቀነቷን ጠበቅ አደረገች።

አማቼ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው ነበር፤ ለልጆቹ ቤት ጥሩ የድንጋይ ካብ አጥር እንዲሠራ። ከሠርጉ በፊት ራሳቸው ከዳባት መጥተው አብረን ካብን። ሥራ ያውቃሉ። በሦስቱ ጎን አንድም ክርክር አልነበረንም። በገደሉ በኩል ያለው ጎን ላይ ስንደርስ ግን፣ ገደሉ የሩብ ሰዓት መንገድ ርቆ ሳለ፣ ድንጋያችንን ይዘን ቆምንና «ይቅደሙ» ተባባልን።

እሱን ጎን ሚስቴ ካበችው።