አረንጓዴ ፍለጋ ወደ አቃቂ

ወደ ጉዞው ከመግባቴ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር። በፒያሳ ዙሪያ ፎቶ አንሺ ነን ከሚሉት መካከል ያለ አስተማሪ የተማርኩ እኔ ብቻ ነኝ። የመጀመሪያዋን ካሜራዬን የገዛኋት ተሰብራ ነው። የመመሪያውን ወረቀት ቋንቋ ስለማላውቅ ሥዕሎቹን እያየሁ ፈታኋት፣ ገጠምኳት፣ ሠራች። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ፊቷ እንዳይጠቁር ብርሃኑን ከነጠላዋ ላይ ሳይሆን ከመዳፌ ላይ መለካትንም ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት። ዛሬ ብዙዎች ይሠሩበታል፤ ከማን እንደወሰዱት ግን አይናገሩም።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ዕቃ የምገዛበት ነጋዴ አዲስ ዓይነት ከለር ፊልም መጣልኝ አለ። የቀድሞው አረንጓዴውን ወደ ሰማያዊ ይወስደው፣ የሰውን ፊት ደግሞ ሸክላ ያስመስለው ነበር። ይኸኛው አይዋሽም አለኝ። የመጣለት ጥቂት ስለሆነ የሰጠኝ አንድ ጥቅል ብቻ ነው። እኔ በሰው ወሬ አላምንም፤ ራሴ እፈትነዋለሁ። የት እንደምፈትነውም ወዲያው አወቅኩ።

አቃቂ ውስጥ ደምሴ የሚባል ጓደኛ አለኝ፣ የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ነው። ሐዲዱ ከመኪናው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቆሞ፣ መንገዱ ነጻ ሲሆን ለባቡሩ አረንጓዴ ባንዲራ፣ እንቅፋት ሲኖር ቀይ ያሳያል። ከብዙ ዓመታት በፊት ባንዲራውን ይዞ በጥቁርና ነጭ አንስቼው ነበር። ያማረ ፎቶ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ በትልቁ ተሰቅሏል። ችግሩ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀይም አረንጓዴም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ደምሴ የያዝኩት አረንጓዴ ነው ይላል። ጎረቤቶቹ ደግሞ ቀይ ነው፣ የአህያ ጥላ አይተህ ባቡር ያቆምክ ቀን ነው እያሉ ሲስቁበት ኖሩ።

አሁን ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ሲወጣ ባንዲራዎቹን ለመሥሪያ ቤቱ ይመልሳል። በቅርቡ ስቱዲዮዬ መጥቶ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ሳሳልፍ ኖሬ፣ ግድግዳዬ ላይ ግን አሳልፌ እንደሁ ማንም አያውቅም» አለኝ። እየሳቀ ነበር የተናገረው፤ የቀረበለትን ሻይ ግን ሳይጠጣው ሄደ። ባንዲራዎቹን ከመመለሱ በፊት አረንጓዴውን እንደያዘ በከለር ላነሳው እንደምመጣ ላኩበት።

ጠዋት፣ ከፒያሳ እስከ አቃቂ

ከለገሃር የቃሊቲ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ ካሜራዬን አይቶ፣ ፋዘር ጋዜጠኛ ነዎት እንዴ አለኝ። ከዚያ በላይ ነኝ አልኩት። ሳሪስን በደህና አለፍን፤ ቃሊቲ ላይ ግን ተሳቢ የሚጎትቱ የጭነት መኪናዎች መንገዱን ዘግተውት ብዙ ቆምን። ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዤ አቃቂ ወረድኩ።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ ሜዳው ሁሉ ለምልሟል። ገበያው ውስጥ ቀይ በርበሬና ቃሪያ ጎን ለጎን ተቆልለው አየሁ። ፊልም የሚፈትን ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? አነሳሁ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ሽርጣቸውን በትከሻቸው ጥለው ሲወጡ አነሳሁ። ወንዙን አነሳሁ። እጄ አላርፍ አለ።

ሐዲዱ ዳር

ደምሴ የደንብ ልብሱን በካውያ አስተኩሶ፣ ቆቡን አቅንቶ ጠበቀኝ። ጠዋት ይመጣል የተባለው ባቡር አልመጣም። ከማቋረጫው አጠገብ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጠው አስካለ በርጩማ ሰጠችኝ። ሁለት ሳምቡሳ በሻይ በላሁ፤ ምስሩ ቃሪያ የበዛበት ነው፣ ጥሩ ነው። ከቀልደኞቹ ሁሉ የባሰች እሷ ናት።

«ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬስ የትኛውን ነው የሚያወጡት? ከለር እንደሆነ አይደብቅም» አለችው።

«አንቺ ሻይሽን ቅጂ።»

ስንጠብቅ እሷንም አነሳኋት፣ ሲጋራና ማስቲካ በሳጥን የሚያዞረውን ጀብሎም፣ ሐዲዱ መካከል የበቀለውን አደይ አበባም። ከሰዓት በኋላ የካሜራው መቁጠሪያ አንድ ብቻ እንደቀረኝ አሳየኝ። አልደነገጥኩም፤ ለእኔ አንድ ይበቃኛል።

በቃሊቲ በኩል የባቡሩ ጡሩንባ ተሰማ። ደምሴ አረንጓዴውን ፈታ። እኔም መዳፌ ላይ ብርሃኑን ለክቼ ተዘጋጀሁ። ያን ጊዜ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ፣ እህል የጫነ ጋሪውን እየነዳ ባቡሩን ለመቅደም ማቋረጫው ውስጥ ገባ። አንደኛው ጎማ ከሐዲዱ ጎን ባለው ጉድጓድ ወደቀ። ፈረሱ ቢገረፍም አልተነቃነቀም።

ደምሴ አረንጓዴውን ጣለ፤ ቀዩን ከብብቱ መዝዞ ክንዶቹን ዘርግቶ ወደ ባቡሩ ሮጠ። ሰይድን፣ «ፈረሱን ፍታ፣ እህሉን ተወው» ሲለው ሰማሁ። ጣቴ መጫኑን ያወቅኩት ከተጫነ በኋላ ነው።

ባቡሩ ሲጢጥ ብሎ ከጋሪው ፊት ቆመ። ሰው ተረባርቦ ጋሪውን አነሳው። ሰይድ «አላህ ይስጥዎት አባባ» እያለ የደምሴን ትከሻ ሳመ። ደምሴ ቆቡን አራግፎ አጠለቀ፣ ቦታው ተመለሰ፣ አረንጓዴውን ከፍ አደረገ። ባቡሩን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

«አሁን አንሳ» አለኝ።

ማዞሪያውን ሳብኩት። አልሄደም። ባቡሩ በፊታችን አለፈ፤ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪርቅ ድረስ ባንዲራውን አላወረደም።

«አነሳኸው?»

«ፊልሙ አልቋል።»

«የቱን ነው ያነሳኸው?»

«ቀዩን።»

ባንዲራውን በእንጨቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠቀለለው። «ቀዩንማ እነሱም ያውቁታል» አለ።

እንደገና አቃቂ

ከለር የሚታጠበው በማሽን ስለሆነ ለባለ ማሽን ቤት ሰጠሁ። የምታትመው ልጅ ቀዩ በዛ፣ ልቀንሰው ወይ አለችኝ። እንዳትነኪው አልኳት። ነጋዴው እውነቱን ነበር፤ ቀዩ ቀይ፣ ሣሩ ሣር፣ የደምሴ ፊት የደምሴ ፊት ነው። ቢሆንም አንሶላ በሚያህል ወረቀት ባሳትመው እንኳ የፈለገውን አረንጓዴ አላመጣሁለትም። በታክሲ ስሄድ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

ደምሴ ጡረታ ወጥቷል፤ ባንዲራዎቹን መልሷል። ፎቶውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ወስዶ አየው። ከዚያ ሚስማር ፈልጎ ከድሮው ጎን ሰቀለው። አስካለ ልታይ መጣች፤ ሰይድም ከኋላዋ ነበረ። የሚሳቅበትን ሰዓት ጠበቅኩ።

አስካለ አዲሱን አየች፤ አንገቱ የተገተረ፣ አፉ የተከፈተ፣ ቆቡ በአየር ላይ ያለ ደምሴን። ከዚያ ወደ ድሮው ዞረች፤ ቀጥ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው ተረጋግቶ የቆመውን።

«ቀይ የያዙ ጊዜ እንዲህ ከሆኑ፣ ያን ጊዜ ምን አግኝተው ነው እንዲህ ዘና ያሉት?» አለች። ወደ ድሮው ፎቶ እየጠቆመች ደግሞ፣ «ያማ አረንጓዴ ነው፣ በቃ» አለች።

ደምሴ ሻይ እንዲመጣልን ወደ ጓዳ ተጣራ፤ ሲመጣ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላ በዚህ ጉዞ የፈጸምኩትን ቆጠርኩ፤ ሰው እንዲያውቀው እጽፈዋለሁ።

አዲሱን ፊልም በአገራችን ፀሐይ ፈትኜ እንደማይዋሽ አረጋግጫለሁ።

በርበሬና ቃሪያን እያንዳንዳቸውን በየመልካቸው አውጥቻለሁ።

የሚሮጥ ሰው ሳይደበዝዝ በአንድ ምት ይዣለሁ።

የመጨረሻዋን ፊልም ለመጨረሻው ሰዓት ማስቀረትን፣ በዚህ ዕድሜዬም ቢሆን፣ ተምሬያለሁ። ይህንንም ያስተማረኝ ሰው የለም።

አረንጓዴውንም አንስቻለሁ። ያነሳሁት ግን ድሮ ነው፣ በጥቁርና ነጭ።