ሁለተኛው ጓጉንቸር

በማጉያው መነጽር ሥር፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ከሲሊከኑ ጠርዝ ወደ ሰሌዳው እያሻገረች ትበይዳለች። ትንፋሿን እንኳ ትቆጥባለች። በዚህ ሥራዋ ባልደረቦቿ “ሸረሪቷ” ይሏታል። የምትሠራው ዲቴክተር፣ ኤሌክትሮኖችን በክብ ከሚያበርረው ትልቁ ማሽን፣ ከሲንክሮትሮኑ፣ የሚወጣውን ብርቱ ኤክስሬይ ተቀብሎ ምስል የሚያደርግ ዓይን ነው።

እጆቿ ይህን መለዋወጫ ዲቴክተር ይሥሩ እንጂ ልቧ ከጎረቤቱ ክፍል ነው። እዚያ፣ ተሠርቶ ያለቀው የመጀመሪያው ዲቴክተር ሣጥኑ ውስጥ እየቀዘቀዘ ይሞከራል። ሰኞ ጨረሩ ፊት ይቆማል፤ ያኔ ካላየ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ። ይህን ሣጥን ደግሞ ሰው ይነካዋል። የአየር ቱቦው በሚገባበት በኩል ማታ የለጠፈቻትን የፀጉር ዘለላ ጠዋት ጠዋት ተበጥሳ ታገኛታለች።

የጠረጠረችው መካኒኩን ጋሽ ብሎንን ነው። ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፤ ሲያዩዋት ካፖርታቸው ሥር አንድ ነገር ይሸጉጣሉ። ለእህቷ ብትነግራት፣ “አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ” ብላ ሳቀችባት።

ዓርብ ማታ ሣጥኑ ያለበትን ክፍል በራሷ ጓጉንቸር ከርችማ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ለመለዋወጫው ቁም ሣጥንም ሌላ ጓጉንቸር ልትገዛ ከቤቷ ስትወጣ፣ ጋሽ ብሎን ደጃፏ ላይ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

“የኔ እህት፣ ቁልፉን ስጪኝ።”

“ምን ሊያደርጉበት?”

ከካፖርታቸው ሥር መፍቻ አወጡ። ቱቦውን ያሰሩት እሳቸው ነበሩ፤ ያፈሳል። አዲሱ ማያያዣ እስኪመጣ በየማለዳው ያጠብቁታል። ደረቅ አየር ካልደረሰው ቅዝቃዜው ጤዛ ይቋጥራል፤ ጤዛ ደግሞ ሽቦዎቿን ይጨርሳል።

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ብሎን ብሎን ማጥበቅ አቃተው እንድትሉኝ?”

ቁልፉን አልሰጠቻቸውም። አብራቸው ሄደች፤ እጃቸው እንዳይሰወርባት ግን ትንሽ ወደ ኋላ ብላ።

በሩ ሲከፈት የሣጥኑ መስታወት ዳር ዳሩን ጉም ለብሷል። እሷ ኤሌክትሪኩን አጠፋች፤ እሳቸው ቱቦውን አጠበቁ። ከዚያ ቁጭ ብለው መስታወቱ እስኪጠራ ጠበቁ። በትንሿ መሞከሪያ ኤክስሬይ ሲያዩት ምስሉ ደህና ወጣ፤ አንዱ ጥግ ግን ታውሮ ቀርቷል። ሰኞ እንዲሁ ይሄዳል። ጥጉን ያሳወረው የማን እጅ እንደሆነ ሁለቱም አላነሡትም።

ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ኮሪደሩ ላይ ሁለቴ ዞር ብላ አየችው። ሁለተኛውን ጓጉንቸር ሳትገዛ ቤቷ ገባች።