ለእንግዳ የሚወጣው አጽም

ዛሬ ተማሪዎቼ የትምህርት ቤታችንን አጽም ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። የተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳን ገና አልተቀደደም።

የፕላስቲክ ነው፣ አትደንግጡ። ቦንጋ መጥቼ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ «ይሰበራል» ተብሎ ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ነው የኖረው። ዛሬ ከክልል ሱፐርቪዥን ስለመጣ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው አቅፈው አምጥተው ከፕላዝማው ቴሌቪዥን ጎን አቆሙት። ፕላዝማውም ከተበላሸ ቆይቷልና ጥሩ ጓደኛ አገኘ።

ከእንግዶቹ አንዱ ተማሪዬን መሠረትን አስነስተው «ቁመት ስንጨምር አጥንታችን የሚያድገው የቱ ጋ ነው?» አሏት።

ልጅቷ ወደ አጽሙ ዞር እንኳን አላለችም። ጎንበስ ብላ የራሷን ጉልበት ያዘች። «ረጅሙ አጥንት ጫፉ አካባቢ ለስላሳ ቦታ አለው፣ የሚያድገው እዚያ ነው። ትልቅ ስንሆን ይጠነክርና ማደግ ያቆማል» አለች።

ሌላ ምን ታሳይ? ልጆቹ አጥንት የተማሩት በአንድ ለአምስት ተቧድነው የራሳቸውን ክንድና ጉልበት እየዳበሱ ነው።

እንግዳው የአጽሙን ትከሻ መታ መታ አድርገው «አያችሁ፣ መርጃ መሣሪያ ሲሟላ ውጤቱ ይሄ ነው!» አሉ። ተጨበጨበ። ፎቶም ተነሱ።

መኪናቸው ከግቢ ሳይወጣ አጽሙ ወደ ንብረት ክፍል ተመለሰ።

«ቲቸር፣ ነገም ይመጣል?» አለችኝ መሠረት።

«እንግዳ ከመጣ» አልኳት።

እዚህ ቦንጋም ሆነ ሌላ ወረዳ ያላችሁ መምህራን፣ እናንተ ጋ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣው ምንድነው? እስቲ ጻፉልኝ። የእኔዎቹ ልጆች እንደሆነ አጽሙን የመንካት ተራቸው ሳይደርስ አጥንታቸው ማደጉን ይጨርሳል።