ለእማማ ለምለም ድንኳን ፀሐይ ፍለጋ

ካዛንቺስ፣ ጠዋት

የጉዞ ማስታወሻ የሚጻፈው ላሊበላ ደርሶ ለመጣ ሰው ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ ከአሁኑ ገጹን ይዝለል። እኔ የሄድኩት ከካዛንቺስ ለገሃር፣ ከለገሃር ቡልጋሪያ፣ ከዚያ ተመልሼ ካዛንቺስ ነው። ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ አንድ እግሬን እንኳ አላወጣሁም። ጉዳዩ ግን ሰፈሬን ለሁለት ከፍሏል፤ እስከ ዛሬ ሰላምታ የነፈጉኝ ሁለት ጎረቤቶች አሉ።

ሚሊኒየሙን አክብረን ብዙም ሳንቆይ መብራት በፈረቃ ሆነ። አንድ ቀን እናገኛለን፣ አንድ ቀን እንጨልማለን። እድራችን ታዲያ ለለቅሶ ድንኳን ጄኔሬተር ገዛ። ገመዱ አጭር ስለሆነ የሚቀመጠው ከድንኳኑ ጥግ ነው፤ ድምፁ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። አምፖሉ እንደ ቀን ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሥሩ የተቀመጠው ሰው ግን አጠገቡ ያለውን አይሰማም። ለቀስተኛው ሁሉ ገበያ መሃል ልጅ የጠፋበት ሰው ይመስል እየጮኸ ያጽናናል።

ጎረቤቴ እማማ ለምለም ባለቤታቸውን አባባ ግደይን ያጡት ጄኔሬተሩ በተገዛ ሰሞን ነው። በሁለተኛው ቀን ምሽት የአባባ ግደይ የድሮ የሥራ ጓደኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከድሬዳዋ ድረስ መጥተው ከእማማ ፊት ቁጭ አሉና ረጅም ወሬ አወሩ።

"ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ ጓለይ" አሉኝ እማማ ዘንድሮ። ጓለይ ልጄ ማለት ነው፤ የአዲግራት ሰው ናቸው። "አንዴ ሳቀ፣ አንዴ ዓይኑን ጠረገ። ስለ ግደይ መሆኑ ገብቶኛል። አንዲት ቃል ግን አልሰማሁም። ያን ያህል መንገድ መጥቶ አልሰማሁህም ማለት አፈርኩና ራሴን ነቀነቅሁለት።"

ሽማግሌው በማግሥቱ ድሬዳዋ ተመለሱ። ወሩ ሳያልቅ እሳቸውም አረፉ የሚል ወሬ መጣ። እማማ ያንን ንግግር ሳይሰሙ ቀሩ። ዘንድሮ ልባቸው ደክሞ አልጋና ደጅ ሲመላለሱ አንድ ቀን እጄን ይዘው "በእኔ ለቅሶ ላይ ያ ማሽን እንዳያለቅስ። ሰው ስለ እኔ የሚያወራውን ሰው ይስማው" አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ ደግሞ እሺ ነው።

በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ከፀሐይ የሚሠራ መብራት እንግዛ አልኩ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ንጉሤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሲናገሩ አሁንም ሰሌዳ ፊት የቆሙ ይመስላቸዋል። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" አሉ። "በነሐሴ ፀሐይ የሚገዛ እድር አላየሁም።" ቤቱ ሳቀ። እኔም የሳቁትን አንድ በአንድ በዓይኔ ያዝኩ።

ስወጣ ቆርጬ ነበር። እማማ ከትራሳቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ብር አወጡና "ለተዝካሬ ያስቀመጥኩት ነው። ከማልቀምሰው ድግስ የምሰማበት መብራት ይሻለኛል" አሉ። ከመሥሪያ ቤቴ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ፀሐፊ ነኝ፤ አለቃዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ "ፀሐይ ልገዛ ነው" አልኩት። ፈረመልኝ።

ለገሃር

የለገሃር ታክሲ ሁለት ብር አትሞላም። ዝናቡ ሌሊት ዘንቦ ሲነጋ ስላባራ መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ አመድ ነው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ እየተንጠለጠለ ለገሃር ለገሃር ሲል መስቀል አደባባይን አልፈን ወረድን።

የባቡር ጣቢያው ፊት ትንሽ ቆምኩ። አባባ ግደይ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት እዚህ ነው፤ ከዚያ በፊት ድሬዳዋ ነበሩ። እማማ ለምለም ይህችን ታሪክ ባላቸው በሕይወት እያሉ በየቡናው አንሥተው ይነዘንዟቸው ነበር። "ከአለቃህ ባትጣላ ኖሮ ድሬዳዋ ፎርማን ሆነህ ትቀር ነበር። ተባርረህ መጥተህ እዚህ ተራ መካኒክ ሆንክ!" ይሏቸዋል። አባባ ግደይ ፈገግ ብለው ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ። የእኔም ቤት ግድግዳ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህን ንዝንዝ በቃሌ አውቀዋለሁ።

የሶላር ሱቁ ከጣቢያው ጀርባ፣ የውሃ ፓምፕና ገመድ ከሚሸጡት መሃል ነው። ጠባብ ሆኖ እስከ ጣሪያው ተሞልቷል። ሻጩ ጸጉሩ የተንጨባረረ ወጣት ነው።

"እህት፣ ማለቴ፣ ለገጠር ነው አይደል?"

"ለካዛንቺስ ነው።"

"ካዛንቺስ መብራት አለ እኮ።"

"ትናንት ማታ ነበረ?"

አሰብ አደረገና "በቃ፣ ገባኝ" አለ።

ሶላሩን ራሱ ተሸክሞ አስፋልቱ ዳር አወጣው። ጥቁር መስታወት የመሰለ፣ ከትሪ ሰፋ ያለ ነገር ነው። ገመዱን ካንዲት ትንሽ አምፖል ጋር አገናኘ፤ በዚያ ሁሉ ደመና ሥር አምፖሏ በራች። ደብዘዝ ብላለች፣ ግን በርታለች። ጫማ የሚያስጠርጉ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አዩ። እኔ እዚያ መንገድ ላይ ልቤ ዘለለ፤ ጋሽ ንጉሤን በዚያች ደቂቃ አጠገቤ ባገኛቸው ምንኛ ደስ ባለኝ።

"አየሽ፣ በክረምት ፎርስ የለውም እንጂ ይሠራል" አለኝ። "ሁለት ቀን ጣሪያ ላይ ካዋልሽው አራት አምፖል አንድ ምሽት ያበራልሻል። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ ምናምን ካልሽ ግን ተይው፤ ኋላ መጥተሽ እንዳትጨቀጭቂኝ።"

ጉድለቱን አስቀድሞ የሚነግር ነጋዴ ካዛንቺስ ውስጥ አላጋጠመኝምና ወዲያው ተስማማሁ። ሶላሩን በካርቶን ጠቀለለልኝ። አብሮት የሚሸጠው ባትሪ ትንሽ ነው ቢባልም ዘንቢሌ ውስጥ ሲገባ እጀታው ጮኸ። አምፖሎቹንና የባትሪውን መሙላት የምትቆጣጠረውን ትንሽ ሳጥን ሻርፔ ውስጥ ሸጎጥኳቸው።

ቡልጋሪያ

ሶላሩ ቆርቆሮ ላይ እንዲሁ ቢጣል ነፋስ ያወርደዋል፤ ማቆሚያ ብረት ያስፈልገዋል። ቡልጋሪያ ሰፈር የመሥሪያ ቤታችንን መኪና የሚጠግን ደምሴ የሚባል ባለ ጋራዥ አውቃለሁ። እዚያ ስደርስ ዝናቡ ወረደ። ጋራዡ ቆርቆሮ ሥር ቱታ የለበሱ መካኒኮች ቆመው ያያሉ።

"ደምሴ፣ የዚህን ማቆሚያ በየድልኝ።"

ደምሴ ሶላሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ተንበርክኮ ሳቀ። "ዛሬ እኮ የእኛ ፈረቃ ነው። መብራት የለም። ብየዳ በምን ልበይድ?"

መካኒኮቹም ሳቁ፤ እውነት ለመናገር እኔም ሳቅሁ። መብራት ለማግኘት መብራት እስኪመጣ ጠብቂ መባሌ ነው። ነገ ተመለሺ አለኝ። ነገ የሚለውን ቃል እማማ ከታመሙ ወዲህ አልወደውም፤ "ዛሬ ነው የመጣሁት፣ ዛሬ ይዤ ነው የምሄደው" አልኩና የተገለበጠ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ።

ደምሴ ጭንቅላቱን አክኮ ከጓሮ አንድ የተጣለ የዕቃ መደርደሪያ ጎትቶ አመጣ። ብረቱ ከፋብሪካው ተበስቶ የመጣ ነው። "በይ እንግዲያው፣ በቡሎንና በዳዶ እናስረዋለን" አለ።

እሱ ሲቆርጥና ሲያጠብቅ እኔ ጋራዡ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ሽሮ በላሁ። ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ሽሮዋ በሸክላ ድስት እየተንተከተከች መጣች፤ ቃሪያው ግን የደረቀ ነው። ባለቤቷ ከፋይ ደንበኛ መሆኔን ካረጋገጠች በኋላ "ያ መስታወት ምንድነው?" አለችኝ። ነገርኳት።

"ለለቅሶ? ለሰርግ ቢሆን ደግ ነበር" አለች።

"በሰርግማ ማን ማንን መስማት ይፈልጋል?" አልኳት። ሽሮውን ጨምራ አመጣችልኝ።

ወደ ካዛንቺስ፣ በእግር

ዝናቡ ሲያባራ ታክሲ መጠበቂያው ላይ ቆምኩ። ሁለት ታክሲ አለፈኝ። ሦስተኛው ቆመና ረዳቱ ሶላሩን አየ።

"እናት፣ መስታወት አንጭንም።"

"መስታወት አይደለም፣ ሶላር ነው። የሁለት ሰው እከፍላለሁ።"

"ቢሰበር ከእኔ ጋር ነው ፀብሽ። አቦ ይቅርብኝ!" አለና በሩን ዘጋ።

ልለምነው እችል ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት አይሆንም የሚል ቃል በዛብኝ፤ ሶላሩን በነጠላዬ ጀርባዬ ላይ አሰርኩት፣ የማቆሚያውን ብረት ብብቴ ሥር፣ ዘንቢሉን በእጄ ያዝኩና በእግሬ ተነሣሁ። ካርቶኑን ዝናብ አበስብሶት ስለነበር ጣልኩት። ጥቁሩ ፊት ወደ ሰማይ ሆነ።

በለገሃር በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ስወጣ ያልተረበኝ የለም። "እናት፣ ቻርጅ እያደረግሽ ነው?" ይላል አንዱ። "ሞባይሌን ልሰካብሽ?" ይላል ሌላው። ኩርፊያዬ ከእልህ ጋር ጉልበት ሆነኝ እንጂ ባትሪው ክንዴን ሊገነጥለው ደርሶ ነበር። የካዛንቺስ ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ከሆቴሎቹ ጓሮ የጄኔሬተር ጩኸት ይሰማል፤ ጢሱ ወደ እግረኛው ይመጣል። ፀሐይ አንዴ ብልጭ አለችና ጀርባዬ ላይ ትንሽ ሙቀት ተሰማኝ።

ካዛንቺስ፣ ማታ

ሁለት ቀን ሙሉ ሶላሩ የእማማ ለምለም ጣሪያ ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን የጨለማው ፈረቃ የእኛ ሆነ። እማማ ታዲያ ያላሰብኩትን ነገር ጠየቁኝ።

"ድንኳኑን ትከሉና አሳዩኝ። ከሞትኩ በኋላ ተሰማ አልተሰማ በምን አውቃለሁ?"

ጋሽ ንጉሤ ድንኳን ያለ ሟች አይወጣም፣ ሟርት ነው ብለው የእድሩን ከለከሉን። ሁለት ጎረቤቶቼ ያኮረፉኝ በዚህ ነው። እኔ ግን የበሰበሰ የመኪና ሸራ ከደምሴ ተውሼ እማማ ደጅ ላይ ወጠርኩት። ከየቤቱ አግዳሚ ወንበር መጣ። አራቱን አምፖል ሰቀልኩና ማብሪያውን ነካሁ።

ብርሃኑ ነጭና ዝም ያለ ነው። እማማ ጋቢያቸውን ደርበው መሃል ተቀመጡ። የመጣው ሰው ምን እንደሚል ጠፋው፤ በቁም ላለ ሰው እግዜር ያጽናሽ አይባል። ዝናቡ ሸራው ላይ ጠብ ጠብ ሲል እንኳ ይሰማል።

"በሉ አውሩ" አሉ እማማ። "ስሞት የምትሉትን አሁን በሉት።"

ያን ጊዜ ጋሽ ንጉሤ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ሊከለክሉን እንደመጡ ፊታቸው ያስታውቃል። ገብተው ሲቆሙ ግን ዝምታው ያዛቸው፤ አምፖሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"አንተ ንጉሤ፣ በግደይ ለቅሶ እኮ የድሬዳዋው ሰውዬ ያለውን አልሰማሁም" አሏቸው እማማ። "ያ ማሽንህ በላብኝ።"

ጋሽ ንጉሤ ደነገጡ። "አልሰሙም? ሰውዬው ገና ከበር ሲገባ እጄን ይዞ ለእኔ ነገረኝ፤ ይህን ለባለቤቱ ሳልነግራት አልመለስም ብሎ ነው የገባው። ሲነግርዎት ራስዎን ይነቀንቁ ነበር። የሰሙ መሰለኝ።"

"ምን አለ?"

"ግደይ ከአለቃው አልተጣላም አለ። እርስዎን የድሬዳዋው ሙቀት እያመነመነዎት እንደሆነ አይቶ፣ አዲስ አበባ ቀይሩኝ ብሎ ራሱ አመለከተ። በደረጃው ቦታ የለም ሲሉት ዝቅ ብዬ እሠራለሁ ብሎ ፈረመ። የፎርማንነቱ ሹመት ደብዳቤ ተጽፎ ነበር አለ። ሰውዬው ለምን ለሚስትህ አትነግራትም ሲለው፣ ይቅር፣ ከነገርኳትማ መልሳ ድሬዳዋ ትወስደኛለች አለው።"

እማማ ለምለም ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። አርባ ዓመት ሙሉ ተባርረህ መጣህ ያሏቸውን ሰው እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ጋቢውን አወረዱ።

"ንጉሤ፣ ድገመው" አሉ።

ጋሽ ንጉሤ ዱላቸውን መሬት አስቀመጡና ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት።

እኔ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ሁለት እርምጃ ናት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ምንድነው ቢባል ስለ ፀሐይ ብዙ አይደለም። ብርሃን ስንጠይቅ ጩኸት መርቀው ይሰጡናል፤ አመስግነን እንድንቀበል ይፈልጋሉ፤ እኛም ራሳችንን ነቅንቀን እንቀበላለን። እኔ ከእንግዲህ አልነቀንቅም። ዳገቱን ሦስት ጊዜ እያረፍኩም ቢሆን ሌላ ይዤ እመጣለሁ።

ቤቴ ጨለማ ነበር። ሻማ ለኩሼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ስል በግድግዳው በኩል የጋሽ ንጉሤ ድምፅ ይሰማኛል፤ ለሦስተኛ ጊዜ እየነገሯቸው ነው።